የአባቴ አውራ ጣት

የልጅ ልጄ ሊዲያ ከፊት ለፊታችን ካለው ቤት በመጣች ቁጥር ጠጉሯ የኮኮናት ዘይት ይሸታል። እዚያ ቤት ያሉት ባልቴት ከካራቺ የመጡ ናቸው። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ በአንድ ኮሪደር ስንኖር ይኸው ስንት ዓመታችን፤ ቋንቋ ስለሌለን ስንተላለፍ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን፣ በቃ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም። ልጄ ሰናይት ኢቶቢኮ መጋዘን ስትሠራ ስታመሽ፣ እኔም ለጉልበቴ ሐኪም ዘንድ ስሄድ፣ ሊዲያን ከስኩል የሚቀበሉልን እሳቸው ናቸው። ታዲያ ልጅቱን ከጉልበታቸው ሥር ያስቀምጡና ጠጉሯን በዚያ ዘይት አሽተው አሽተው ይጎነጉኑላታል። እኔ ዘንድ አንድ አፍታ ቁጭ የማትል ልጅ፣ እሳቸው ዘንድ እንደ ድንጋይ ፀጥ ትላለች አሉ።

እኔ ቅቤ ላድርግልሽ ስላት ምን ትለኛለች? «ኖ እማማ፣ ይሸታል። ስኩል ይስቁብኛል።»

«ይኼስ አይሸትም?»

«ዲስ ስሜልስ ናይስ» ብላኝ ሄደች።

ሰናይት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ነገርኳት። እግሯን እያሸች ሳቀችብኝ።

«እማዬ፣ ጄለስ ሆንሽ እንዴ?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቀናሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«በዚህ ዕድሜዬ በምን እቀናለሁ» አልኳት። ቀንቻለሁ እንጂ። ቅናትን ደግሞ ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። የተዋወቅነው ገና በልጅነቴ ነው፤ እንዲሁ የኮኮናት ዘይት በሚሸት በሌላ ልጅ ጠጉር የተነሣ፣ ዐረብ አገር፣ ዓደን ከተማ።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጣልያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። እናቴና እኔ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከአባቴ ታላቅ እህት ከአክስቴ ከአሰገደች ጋር እንኖራለን። አባቴ ባሕር ተሻግሮ ዓደን ጨው ይሠራል። ጨው እንዴት እንደሚሠራ አይገባኝም ነበር። ጨው ድንጋይ ነው፣ ድንጋይን ደግሞ እግዜር ሠርቶታል፣ አባቴ ታዲያ ምን ይጨምርበታል እል ነበር። በየዓመቱ ለመስቀል ይመጣል። አንዱን መስቀል ቀረ። ከርሞም ቀረ። እናቴ ደጅ መጥረግ አበዛች። የጠረገችውን ደጅ መልሳ ትጠርጋለች።

በዚያ ዘመን ሚስት ባሏን ፍለጋ አትሄድም፣ ነውር ነው። እህት ግን ወንድሟን ብትፈልግ ማን ምን ይላታል? ስለዚህ አክስቴ ተነሣች። «አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልሂድና ላምጣው። ልጅቱንም ይዣት እሄዳለሁ፤ ልጁን ሲያይ አንጀቱ ይላወሳል» አለች።

እናቴ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችን። ጠጉሬን ሠርታ ለጋ ቅቤ ጭናብኛለች። ባቡሩ ሊነሣ ሲያፏጭ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ይዘሽው ነይ» አለችኝ። እኔ እንግዲህ ሽንኩርትም ይሁን ክብሪት፣ ይዘሽ ነይ የተባልኩትን ይዤ የምመለስ ልጅ ነበርኩ። «እሺ» አልኳት።

እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ደግሞ ፍየል በጫነች መርከብ ሄድን። አክስቴ ፍልሰታን እየጾመች ስለነበር ከባሕሩም ከፍየሉም ከጾሙም ጋር ስትታገል ነው የደረሰችው። እኔ ቅቤዬ በሙቀቱ ቀልጦ አንገቴ ላይ ወረደ፣ የከሰል ጥላሸት ተለጠፈበት። ከፍየሎቹና ከኔ ማን ይብስ እንደነበር እንጃ።

ጎህ ሲቀድ ዓደን ታየች። ተራራው ጥቁር ነው፤ እሳት ላይ ረስተውት ያረረ ቂጣ ይመስላል። ዛፍ የለም። እንዲያው ለዓይን ማረፊያ እንኳ አንዲት ቁጥቋጦ የለችም። ቤቶቹ ነጫጭ ናቸው፣ ካረረው ነገር ሥር ተለጥፈዋል።

«ወንድሜ ይኼን ብሎ ነው ቤቱን የተወው?» አለች አክስቴ። በጣም ነው ያጽናናት። እኔንም አጽናናኝ። እንዲህ ያለ አገር የሚቀር ሰው የለም፣ ዛሬውኑ ይዘነው እንመለሳለን ብዬ አሰብኩ።

በነጋዴ መልእክት ልከንለት ስለነበር አባቴ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ከስቷል፣ ጠቁሯል። የአክስቴን ጉልበት ሳመ። እኔን ብድግ አድርጎ አንገቴን ሳመኝና፣ «ማሚቴ፣ አድገሽ የለም እንዴ» አለኝ። ክንዱ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ አንዲት ልጅ የሸሚዙን ጫፍ ይዛ ቆማለች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ጠጉሯ በዘይት ተለቅልቆ ያበራል፣ አንድም ዘለላ ከቦታው አልወጣም።

«አንተ ማሚቴ ነህ?» አለችኝ። አማርኛውን ከሱ ከወንዱ ስለተማረችው ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የምትለው። ቀረብ ብላ አሸተተችኝና አፍንጫዋን ሸበሸበች። ከዚያ ወደ አባቴ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ እንሂድ» አለችው።

አባባ። በኔው ቋንቋ። በዐረብኛ ብትለው ምናለበት።

አባቴ ሰፊያ እንደምትባል ነገረን። እሱ የሚኖርበት ቤት ልጅ ናት፣ አባቷ ባሕር ላይ ጠፍቶ ቀርቷል አለ። አክስቴ «እ» አለች።

ከወደቡ እስከ ቤቱ በእግራችን ነው የሄድነው። ፀሐይ ገና አልወጣችም። በየደጃፉ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ተዘርግቷል፣ በየአልጋው ላይ አንድ አንድ ሰው ነጭ ተከናንቦ ተጋድሟል። መንገዱ ሙሉ። ግራውም ቀኙም። ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ሁሉ አልቋል፣ ቀባሪ ጠፍቶ ደጅ አውጥተዋቸዋል ብዬ ክው አልኩ።

«እትዬ፣ ሁሉም ሞተዋል» አልኳት ቀስ ብዬ።

እሷም እንደዚያው መስሏት ኖሮ ስታማትብ ደረስኩባት። ወዲያው አንዱ ሬሳ ተነሥቶ ቁጭ አለ፣ አዛጋ፣ ደረቱን አከከ። ሰፊያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከሙቀቱ የተነሣ ደጅ የሚያድሩ ናቸው ለካ። ሲነሡ ደግሞ አፋቸው ቀይ፣ ምራቃቸው ቀይ፤ ግድግዳው ሥር ሁሉ ቀይ ተተፍቷል። በሕይወት ቢያድሩም ሳምባቸው አልቋል ማለት ነው አልኩ በልቤ። የሚያኝኩት አፍ የሚያቀላ ቅጠል መሆኑን አባቴ ነገረን፤ እኔ ግን ከተማይቱን ከለቀቅን በኋላም አላመንኩትም።

ፍየሎቹ ጡታቸው ላይ ከረጢት ታስሮላቸዋል፣ የጡት መያዣ ለብሰው በመንገድ ይንሸራሸራሉ። ግመል ውሃ የሞላ በርሜል በጋሪ ይጎትታል። ቁራው ከሰው እጅ ይነጥቃል። ለዚህ ሁሉ ስም ያላት ሰፊያ ናት። ከፊት ከፊት እየሄደች በጣቷ ታሳየኛለች፤ «ይኼ ግመል፣ ይኼ የንጉሥ ሰዓት፣ ይኼ ባሕር»። ከተማው በሙሉ የሷ እንደሆነና ለኔ እንደምታውሰኝ አድርጋ ነው። እኔ ደግሞ አንዲት መልስ አበጀሁ።

«እኛም ጋ አለ።»

ግመሉም እኛ ጋ አለ፣ ልክ ነኝ። የግንቡ ሰዓትም እኛ ጋ አለ። ባሕሩን ስታሳየኝም «እኛም ጋ አለ» አልኳት።

አክስቴ ዞር አለች። «ድሬዳዋ ባሕር የት አየሽ አንቺ?»

«ደቻቱ ሲሞላ።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሁለቱ «እኛም ጋ አለ» እያሉ ይሳሳቁብኝ ጀመር።

አንድ ቀን በረዶ የሚሸጥ ሰውዬ በጆንያ ጠቅልሎ ሲያልፍ ሰፊያ ስባሪውን ለምና መዳፌ ላይ አኖረችው። አቃጠለኝ። ጮኼ ወረወርኩት። ሳቀች፣ እሷ ትሳቅ፣ ምን ገዶኝ። አባቴም አብሯት ሳቀ። ሁለቱም ሲስቁ ትከሻቸው አንድ ላይ ነው የሚነቃነቀው። የሰው ሳቅ እንዲህ የሚገጥመው ስንት ምሳ አብረው ቢበሉ ነው እያልኩ አሰላስል ነበር።

ቤቱ ከጨው ማምረቻው አጠገብ ነው። የሰፊያ እናት ዘይነብ ቁመቷ መለል ያለ፣ እጇ ላይ ሂና ያለባት፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ነበረች። የኛን ቋንቋ አታውቅም። ውሃ በሸክላ ሰጠችን፤ እንደዚያ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም።

«ይቺ ማን ናት?» አለች አክስቴ እየጠጣች።

«አከራዬ ናት፣ እታለም። እኔ ተከራይ ነኝ።»

«ተከራይ።»

«አዎ።»

«ሸሚዝህን ማን ጠቀመልህ?»

አባቴ ሸሚዙን ቁልቁል አየ።

«ተከራይ ከሆንክ ጥሩ ነው» አለች አክስቴ። «ተከራይ ሲፈልግ ይወጣል።»

ዘይነብ አክስቴ ሥጋና ወተት እንደማትነካ ስታይ ሰፊያን አስጠይቃ ጾም መሆኑን ተረዳች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምስር ብቻ በዘይት ትሠራልን ጀመር፣ እሷም ከኛው ጋር ምስሯን ትበላ ነበር። አክስቴ «እጇስ አይከፋም» አለች አንድ ቀን፤ ከሷ አፍ ይህ ሙገሳ ነው።

የአባቴን ሥራ ያየሁት በማግስቱ ነው። እንደ እርሻ ማሳ የተከፋፈለ ሜዳ አለ፣ ውስጡ የባሕር ውሃ ነው። ውሃውን ከባሕር የሚስበው በነፋስ የሚዞር መዘውር ነው፤ ከእንጨት ግንብ ላይ አራት ትልልቅ ክንፎች ተዘርግተው ይዞራሉ። አክስቴ ከሩቅ ስታያቸው ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሦስት ጊዜ እጅ ነሥታ ተሳለመች።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እታለም?»

«መስቀል አይደለም እንዴ? በዚህ ዐረብ አገር መስቀል የሚያዞሩ ክርስቲያኖች ካሉማ...»

አባቴ ጨው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አክስቴ መዘውር መሆኑን ከተረዳች በኋላም ባለፈች ቁጥር አንገቷን ደፋ ታደርግ ነበር። «ምን ይጎዳኛል» ትላለች።

ውሃው በፀሐይ ሲያልቅ ጨው ይቀራል። አባቴ በረዥም እንጨት እየዛቀ ይከምረዋል። ክምሩ የዱቄት ተራራ ነው የመሰለኝ። ማን ይበላዋል ይኼን ሁሉ እንጀራ ብዬ ላስ ሳደርገው፣ አይ። እዚህ ቶሮንቶ ዊንተር ሲገባ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ አመነታሁና ጎንበስ ብዬ ቀመስኩት። ሰናይት ሰው አየሽ ብላ ኮቴን ይዛ ጎተተችኝ። አባቴ ባሕር ተሻግሮ ጣቱ እስኪሰነጠቅ የዛቀው ነገር በእግር ሲረገጥ ሳይ ደስ አይለኝም፣ ምን ላድርግ።

አዎ፣ ጣቱ። ጨው እጁን ሰንጥቆት ነበር፣ አውራ ጣቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተተርትሯል። ሰፊያ ቀትር ላይ ምሳውን ስትወስድለት በዚያ የጠጉር ዘይቷ ጨርቅ ነክራ ትይዝና ስንጥቁን ታሽለታለች። እሱም እጁን ሰጥቷት ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል። እኔም ላሽህ ብዬ እጄን ብሰነዝር «ቆይ ማሚቴ፣ እሷ ታውቀዋለች» አለኝ። ደግ አድርጎ ነው ያለው። ደግ ሆኖ ማለቱ ነው የባሰ የቆጠቆጠኝ፤ ተቆጥቶ ቢሆን ባለቅስ ይወጣልኝ ነበር። ሰፊያ ጨዉ ላይ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። እኔ አንድ እርምጃ ስረግጥ ተረከዜ ይጋጥና እየለበለበኝ እመለሳለሁ። መሬቱም ከሷ ጋር አድሟል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አክስቴ ወንድሟን ባሕሩ ዳር ይዛው ትቀመጣለች። እኔ ጉልበቷ ሥር ነኝ። እሷ ቁጣ አታውቅም፤ እንደ ጠብታ ነው የምትናገር።

«ሚስትህ ደጅ ትጠርጋለች» ትለዋለች።

«አውቃለሁ።»

«የአንተን ደጅ ነው የምትጠርገው።»

አባቴ በጣቱ አሸዋ ይጭራል።

«ሰማንያ አልፈረምክ፣ ልጅ አልወለድክ። ምን ያስርሃል እዚህ?»

«ምንም።»

«እንግዲያውስ ተነሥ።»

እንዲህ እያለች እያለች፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል አንድ ምሽት አባቴ ራሱ፣ «እሺ፣ እታለም። አብሬያችሁ እሳፈራለሁ» አለ። ድምፁ ሰለለ እንጂ ብሏል። አክስቴ ግንባሩን ሳመችው። እኔ እየሮጥኩ ወደ ቤት ገባሁ፣ ለማን እንደምነግር እንኳ አላሰብኩበትም። ሰፊያ ጥግ ላይ በአንድ ጎኗ ተጋድማለች። አገጯን በሚያምር ቢጫ ጨርቅ ጠምጥማ አናቷ ላይ ቋጥራዋለች። ራት አልበላችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰምታለች ማለት ነው አልኩ። ደስ አለኝ። ቢጫውም ጨርቅ ግን አማረኝ፤ ለሐዘን እንኳ የሚያምር ነገር ሲሰጧት እኔ ምን ተሰጠኝ?

ጠዋት ውሃ ልጠጣ ስወጣ አባቴንና ሰፊያን ከበሩ ኋላ አገኘኋቸው። አላዩኝም። እሱ ተንበርክኳል። አጠገቡ ትንሽ የማር ብርሌ አለ። አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ አገባ፣ አወጣ፣ ሰፊያ አፏን ከፈተችለት። ጣቱን አፏ ውስጥ አድርጎ ቆየ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትጠባለች። በሌላኛው እጁ ያንን ጠጉሯን ይደባብሳል፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይላታል።

በኛ ወግ ይህ ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ሰው የሰው ልጅ ወስዶ ልጁ ሊያደርግ ሲሻ፣ አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ነው፤ ይጦረዋል፣ ይወርሰዋል፣ ይቀብረዋል። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሲያደርጉት ቆሜ አይቻለሁ፣ ሰው ተጠርቶ እልል ተብሎ። አባቴ ግን ከበር ኋላ ተደብቆ አደረገው። በዚያ ላይ አንድ ነገር መጣብኝ፤ እኔን ማንም አላጠባኝም። እኔ ዝም ብዬ ተወልጄ ነው ልጁ የሆንኩት። እኔን አልመረጠኝም። እሷን ተንበርክኮ መረጣት።

ለአክስቴ ነገርኳት። ጸሎት ላይ ነበረች፣ አቋረጠች።

«ማር ነው?»

«ማር ነው፣ እትዬ።»

«አውራ ጣቱን?»

«አውራ ጣቱን። ልጄ አላት።»

አክስቴ ጸሎቷን ከተወችበት ቀጠለች።

ምሳ ሲቀርብ ሁላችንም አንድ ሰሐን ዙሪያ ነበርን። ሰፊያ አባቴ ጎን ተለጥፋ እጁን ይዛለች፣ ቢጫው ጨርቅ አሁንም አገጯ ላይ አለ። አክስቴ እጇን አልዘረጋችም።

«ልጅ አጥብተሃል አሉ።»

አባቴ ግር አለው። «ምን?»

«ይቺን ልጅ። ማር አስነክተህ። ማሚቴ አይታለች።»

መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ፊቱ ላይ ሳቁ ሲመጣ አየሁት። «እሱማ ጥርሷ...» ብሎ ጀመረ። ዘይነብም ነገሩ በከፊል ገብቷት የራሷን ጉንጭ እየነካካች ቅርንፉድ ነው፣ ጥርስ ነው ለማለት ትሞክራለች። እውነታቸው ነበር። ልጅቱን ጥርሷን አሟት ነው፣ የተወቀጠ ቅርንፉድ በማር አድርጎ ድዷን እያሸላት ነበር። አሁን ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ያን ጊዜ ግን ዘይነብን የሰማት የለም፤ ሰፊያ የአባቴን አማርኛ ትሰማለችና «ልጅ አጥብተሃል» የተባለውን ሰምታለች። እጁን ለቀቀችው። እጆቿን ጭኖቿ መሐል አስገብታ፣ ያበጠ ጉንጯን ቀና አድርጋ፣ ምን እንደሚመልስ ትጠብቃለች።

አባቴ አያት። የጀመረውን አልጨረሰውም።

«አዎ፣ እታለም» አለ። «አጥብቻታለሁ።»

እኔ ያወቅሁትን ነው የተናገረው፣ ግን ከሱ አፍ ስሰማው የያዝኩትን ጉርሻ ሰሐኑ ላይ መለስኩት።

«ታዲያ ተከራይ ነኝ ትለኛለህ?» አለች አክስቴ። አልጮኸችም። «ሚስት ትፈታለች። ቤት ይለቀቃል። የጡት ልጅ ጥሎ የሄደ ግን ዘሩ አይባረክም፣ ይኼን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አስተምሬሃለሁ። እኔ አንተን ለማምጣት ነው የመጣሁት። አሁን ግን ብትለምነኝም አልወስድህም።»

«ሚስቴስ?» አለ አባቴ።

«ለሷ የምላትን እግዜር ይስጠኝ።»

ከዚያ እጇን ዘረጋች። አንዲት ጉርሻ ጠቀለለችና በሰፊያ ባላበጠው ጉንጭ በኩል አጎረሰቻት። የኔ አክስት። ለኔ የመጣች አክስት። አሁን እሷም የሰፊያ አክስት ሆነች፣ ቁጭ ብዬ እያየሁ።

የተሳፈርንበት ቀን ነፋስ ነበረ። ዘይነብ ለመንገድ ቴምር ቋጥራ ሰጠችን፤ እሷና አክስቴ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሰፊያ ጉንጯ ተሽሎታል፣ ቢጫው ጨርቅ አንገቷ ላይ ነው። አባቴ እቃችንን ጀልባው ላይ አኖረና ሊሰናበተኝ መጣ።

«ለመስቀል እመጣለሁ፣ ማሚቴ።»

«አጥባኝ» አልኩት።

«ምን?»

«እኔንም አጥባኝ።»

አክስቴ ክንዴን ያዘች። «የአብራኩን ክፋይ የሚያጠባ የት አገር ታይቷል? ነይ ተሳፈሪ፣ የሰው መሳቂያ አታድርጊን።» ቀዛፊዎቹ እየጮኹ ነው። እኔ ግን እግሬን ተከልኩ። ከሷ እንዲያስበልጠኝ አልጠየቅሁም፤ እኩል እንዲያደርገን ብቻ ነው።

አባቴ ተንበረከከ። ፊቱ ፊቴ ጋ መጣ። «ማር የለኝም» አለኝ።

«ያለ ማር።»

አውራ ጣቱን በሸሚዙ ጠረገ። ሁለቴ ጠረገ። ከዚያ ሰጠኝ። ሻካራ ነው። ስንጥቁ ምላሴን ጫረው። ምንም ያህል ቢጠርገው ጨው ጨው ነበር የሚለው፣ ውስጡ የገባ ጨው በሸሚዝ አይወጣም። ጠባሁት። «ልጄ ነሽ» አለኝ፤ ለሷ ከበር ኋላ ተደብቆ ያለውን ለኔ ጮክ ብሎ፣ ቀዛፊዎቹ እስኪሰሙ። በትከሻው በኩል ሰፊያን አየኋት። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ጀልባዋ ወደ መርከቡ ስትሄድ አፌን ገጥሜያለሁ። መርከቡ ላይም ገጥሜያለሁ። ለእናቴ የማደርስላት ይኼው የጣቱ ጨው ብቻ ስለሆነ፣ ምራቄን ሳልውጥ፣ ሳልናገር፣ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አጣብቄ ድሬዳዋ ለመድረስ ቆርጫለሁ። ከዚያ አፌን እከፍትላትና ትቀምሳለች። ዓደን ኋላችን ጥቁር ድንጋይ ሆነች፣ ከዚያ ጥላ ሆነች። ፀሐይ መጣች። ፍየል የለም አሁን፣ የመርከቡ ወለል ባዶ ነው፣ ብረቱ ይፋጃል።

«ውሃ ጠጪ» አለች አክስቴ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ከንፈርሽ እኮ ደረቀ። ጠጪ።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

አክስቴ ምን እንደያዝኩ ገብቷት ይሁን አይሁን አላውቅም። አልተቆጣችም። የውሃውን ቅል ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ጨው ደግሞ ያስጠማል። የያዝኩት ራሱ ነው ውሃ ውሃ የሚያሰኘኝ። ጥቂት ቆይታ ቅሉን ከንፈሬ ላይ አስጠጋችው፣ አላዘነበለችውም፣ እንዲያው አስጠጋችው። ያዘነበልኩት እኔ ነኝ። እስኪያልቅ ጠጣሁት።